የዕለቱን ለዕለቱ፦ ጭንቀትን ለእግዚአብሔር፣ ሰዓትን ለሥራ መስጠት በተግባር

ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ የግብር ሩጫው ይጀመራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐምሌ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ላይ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ኮርኒሱን አያለሁ። የአንድ ደንበኛዬ ደረሰኞች ጎድለዋል። ባይገኙስ? ቅጣት ቢመጣስ? ሰውዬው ቢቀየመኝስ? እንዲህ እያልኩ አምስት ሌሊት ተገላበጥኩ። ጸለይኩም። አልቅሼ ጸለይኩ። ያላደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሰውዬው አልደወልኩም።

በስድስተኛው ቀን ደወልኩ። "ውይ፣ መኪናዬ ውስጥ ናቸው፤ ከሰዓት አመጣቸዋለሁ" አለኝ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ያን ቀን ማታ ማቴዎስ 6ን እንደገና አነበብኩት። "ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል" ይላል። እስከዚያ ድረስ ይህን ቃል ማጽናኛ ብቻ አድርጌ ነበር የምሰማው። ለካስ ስለ ሰዓትም ይናገራል። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሸክም አለው። የነገውን ዛሬ ከተሸከምኩት፣ የዛሬውን የሚሸከምልኝ የለም። እኔ የነገን ቅጣት ስሸከም የዛሬዋ ስልክ ሳትደወል አምስት ቀን አለፈች። ስልኳ ስላልተደወለች ደግሞ ጭንቀቱ ባሰ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ። አዲስ የፈጠርኩት ነገር የለም። አብዛኛው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የተወሰደ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስለዚህ ምሳሌዎቼ ከዚያ ይመጣሉ። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ለሆናችሁ አንባቢዎችም አካሄዱ አይከብዳችሁም፤ የጸሎቱን ቃል በለመዳችሁት ተኩት።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶና የምትጸልዩበት መጽሐፍ ነው። ደብተሩን በስልክ ባትተኩት እመርጣለሁ። ስልክ ለመጻፍ ተከፍቶ ለሌላ ነገር ይውላል።

1. መጀመሪያ ሰዓታችሁን ማን እንደያዘው እዩ

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች "ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ዋጁ" ብሎ ጽፏል። መዋጀት በዋጋ ማስለቀቅ ነው፤ ባሪያ ወይም ምርኮኛ ይዋጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "እንዴት ብዙ ልሥራ?" አይደለም። "ሰዓቴን የማረከው ማነው?" ነው።

ለሦስት ቀን ብቻ፣ ከተነሣችሁበት እስከምትተኙበት፣ ምን ላይ እንደዋላችሁ በአጭሩ ጻፉ። "ከ2 እስከ 3፦ ታክሲ ሰልፍ። ከ3 እስከ 3 ከግማሽ፦ ቴሌግራም። ከ3 ከግማሽ እስከ 5፦ ሪፖርት።" እንዲህ ያለች መስመር ትበቃለች። ለማንም አታሳዩት፤ በራሳችሁ ላይም አትፍረዱ። ሥራ ላይ ተቀምጣችሁ ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ የነበረበትን ሰዓት ግን ምልክት አድርጉበት። እኔ ስጽፍ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ስልክ ላይ የጠፋው ጊዜ እንዳለ አውቅ ነበር። ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ በሐሳብ የባከንኩበት ጊዜ ከዚያ ይበልጣል ብዬ ግን አልገመትኩም።

ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ተዉት። ሁልጊዜ ደቂቃ መቁጠር ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆናል።

2. ደብዳቤውን ዘርጉት

በነገሥት መጽሐፍ ውስጥ የምወደው ታሪክ አለ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሊያጠፋ ዝቶ ለሕዝቅያስ ደብዳቤ ላከ። ሕዝቅያስ ደብዳቤውን አነበበው። ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ማስፈራሪያውን አልደበቀም። "ምንም አይደለም" ብሎም ራሱን አላታለለም። እንዳለ ዘርግቶ ጸለየ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማታ ከራት በኋላ ደብተሩን ክፈቱ። የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ እንደመጣ ጻፉ። ቋንቋ አታሳምሩ። "የቤት ኪራይ።" "የልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና።" "የእማዬ ደም ግፊት።" "አለቃዬ ትናንት ለምን ሰላም አላለኝም?" የመጨረሻዋ ታሳፍር ይሆናል፤ ግን ጻፏት። እንቅልፍ የሚነሡት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው።

15 ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ ደብተሩን እንደተከፈተ ፊታችሁ አድርጉና ቆማችሁ አባታችን ሆይ በሉ። በግእዝ የምትደግሙት ከሆነ "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም" የሚለው ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። የየዕለቱን ምግባችንን ዛሬ ስጠን ማለት ነው። ጌታ ስለ እንጀራ ስንለምን እንኳ የወር አስቤዛ እንድንለምን አላስተማረንም። የዕለቱን ነው።

3. እያንዳንዱን ጭንቀት ሦስት ቦታ ቁረጡት

ይህን ደረጃ ጊዜ ስጡት። ሌላው ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ። የመጀመሪያው "የዛሬ" ነው። ሁለተኛው "ቀን ያለው" ነው። ሦስተኛው "የእርሱ" ነው፤ የእግዚአብሔር ማለቴ ነው። አሁን ከጻፋችሁት ዝርዝር አንድ በአንድ እያነሣችሁ ወደ ዓምዶቹ አስገቡ።

መጀመሪያ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድን ጭንቀት ሙሉውን ወደ አንድ ዓምድ ሲወረውር ነው። "የእማዬ ደም ግፊት" ብሎ ሦስተኛው ውስጥ ይጽፍና "ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ" ይላል። ግን አልሰጠም፤ መድኃኒቷ ማለቁን አልጠየቀማ። ሌላው ደግሞ ሙሉውን የመጀመሪያው ውስጥ ይጽፋል፤ የእናቱን ዕድሜ በራሱ እጅ የያዘ ይመስል። ጭንቀት ሁልጊዜ ድብልቅ ነው። መቆረጥ አለበት።

እንዲህ ተቆረጠ፦

የዛሬ፦ ለእማዬ መደወል። መድኃኒቷ ስንት ቀን እንደቀረው መጠየቅ። ጨው እንድትቀንስ አብሯት ላለው ልጅ መንገር።

ቀን ያለው፦ ማክሰኞ ሐኪም ቤት መውሰድ። ለዚያ ሰኞ ማታ ፈቃድ መጠየቅ።

የእርሱ፦ ጤናዋ። ዕድሜዋ። እሷ ብትለየኝ የምሆነው።

የኪራዩም እንዲሁ ነው። ዛሬ ማድረግ የምችለው በእጄ ያለውን መቁጠርና ያበደርኩትን ሰው መጠየቅ ነው። ቀን ያለው የደሞዝ ቀን ነው፤ ከመድረሱ በፊትም አከራዬን ማናገር። አከራዬ ኪራይ ይጨምር አይጨምር፣ ልቡ ይራራ አይራራ፣ ያ በእኔ እጅ አይደለም። እሱ ሦስተኛው ዓምድ ነው።

"የዛሬ" የሚለው ውስጥ የሚጻፈው በእጅ ወይም በአፍ የሚሠራ ነገር ብቻ ነው። መደወል፣ መጻፍ፣ መሄድ፣ መክፈል፣ ይቅርታ መጠየቅ። "ስለ ጉዳዩ ማሰብ" ሥራ አይደለም። እሱን ከጻፋችሁ ጭንቀቱን ስሙን ቀይራችሁ መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

"ቀን ያለው" የሚለውን ሳትፈሩ ተጠቀሙበት። ዕቅድ ማውጣት እምነት ማጣት የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ኦሪት ዘጸአት 16ን እዩ። እስራኤል መናውን በየማለዳው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የዕለት ምግብ መስፈሪያ ነው) ይሰበስቡ ነበር። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላና ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ ያ ለሰንበት አድሮ አልሸተተም። ያው መና ነው። ያንዱ ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ የሌላው መታዘዝ። ዮሴፍም ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ መክሯል፤ ማንም እምነት የለሽ አላለውም። ቀን ቆርጣችሁ ካስቀመጣችሁት በኋላ ቀኑ እስኪደርስ አትንኩት። ዕቅድ ከጭንቀት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቅድ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ጭንቀት በየሰዓቱ ይመለሳል።

ሦስተኛውን ዓምድ ስትጨርሱ እጃችሁን እላዩ ላይ አድርጉና ጴጥሮስ ያለውን አስቡ፦ "እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት።" ጣሉት ነው ያለው። የተጣለ ሸክም እጅ ላይ አይቀርም።

4. ቀኑን በጸሎት ሰዓታት ላይ ስቀሉት

እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር በነጻ አግኝተናል። የእጅ ሰዓታችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት ጋር ይገጥማል። የሐዋርያት ሥራ መንፈስ ቅዱስ የወረደበትን ሲናገር ከቀኑ ሦስተኛ ሰዓት ይላል፤ የእኛው 3 ሰዓት ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጸለየው በ6 ሰዓት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት በ9 ሰዓት፣ በጸሎት ጊዜ ነው። ስሌት አያስፈልገንም። ውጭ አገር ያላችሁ ስልካችሁ 9 ሲል ለእናንተ 3 ሰዓት መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ 12 ሰዓት ጠዋት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሰርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም የመኝታ ሰዓት፣ መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት ሌሊት። "ይህማ ለመነኮሳት ነው" አትበሉ። ዳንኤል በባቢሎን በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር። ከእኔም ከእናንተም በላይ ሥራ ይበዛበት ነበር። እሱም በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው ይህ ነው። ነግህንና ንዋምን በደንብ ያዙ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም የምትደግሙ ከሆነ የዕለቱን ድገሙ፤ ራሱ በሰባት ቀን የተከፈለ ነው፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን እንጂ የረቡዕን አይጠይቃችሁም። ከዚያ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ መቆም ባይመች በልባችሁ ይሁን።

እነዚህ ሰዓታት ለሥራም አጥር ይሆናሉ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት አንድ ማሳ ነው። ከ6 እስከ 9 ሌላ ማሳ ነው። 3 ሰዓት ላይ "መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ ለዚህ ሥራ ጥበብ ስጠኝ" እላለሁ፤ ለሐዋርያት የወረደበት ሰዓት ነውና። ከዚያ ስልኬን አጠፋና ከባዱን ሥራ እጀምራለሁ። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት ነው። ጠዋት ያበላሸሁትን፣ የተቆጣሁትን ሰው፣ ያጓተትኩትን ሥራ እዚያ ላይ ይቅርታ እጠይቅበታለሁ። ቀሪው ቀን በጠዋቱ ስህተት አይበላሽም። 9 ሰዓት ነፍሱን በአባቱ እጅ የሰጠበት ነው። በዚያ ሰዓት ድካም ይጀምረኛል፤ ሦስተኛውን ዓምድ አስታውሼ እንደገና አስረክባለሁ።

ሰዓቱ የእናንተ ያልሆነም አላችሁ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህቴ "3 ሰዓት ላይ ቁሚ" ብትባል አትችልም። አንቺ ሰዓቱን በሥራ ቀይሪው። ሳህን ማጠብ ስትጀምሪ "አቤቱ ይቅር በለኝ"፣ ልብስ ስትተኩሺ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ"። ነህምያ ንጉሡ "ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል። ያቺ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም ነበር።

5. የዕለት ድርሻችሁን ቁረጡ

ማታ "የዛሬ" ብላችሁ ከጻፋችሁት ለነገ ጠዋት ሦስት ሥራ ምረጡ። ሦስት ብቻ። ይህች ጎሞራችሁ ናት። አሥር የጻፈ ሰው አራት ሠርቶ ስድስት ዕዳ ይዞ ይተኛል። ሦስት ጽፎ ሦስቱን የጨረሰ ሰው ግን ጊዜ ከተረፈው አራተኛውን በደስታ ይጀምራል።

ከሦስቱ መካከል የምትፈሩትን አስቀድሙ። በእኔ ልምድ የሚፈራው ሥራ ከባዱ አይደለም፤ ሲጓተት የቆየው ነው። ከ3 እስከ 6 ባለው ማሳ መጀመሪያ ላይ እሱን አድርጉት።

ለእያንዳንዱ ሥራ የገመታችሁትን ሰዓት ጻፉ፤ ከዚያ ግማሹን ጨምሩበት። ሁለት ሰዓት ካላችሁ ሦስት አድርጉት። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሲስተም የለም ይባላል። አገራችንን እያወቅን እንደማናውቅ ማቀድ የለብንም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይሉ የለ አባቶች።

ከዝርዝሩ ሥር ያዕቆብ ያስተማረውን ጻፉ፦ ጌታ ቢፈቅድ። ይህን ከልብ ስጽፈው ዕቅዱ ሲፈርስ እንደ በፊቱ አልፈርስም።

ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጸሎትን ከሥራ መሸሻ ማድረግ። የእኔ የሐምሌ ኃጢአት ይህ ነበር። አምስት ሌሊት መጸለዬ መልካም ነው፤ ግን ስልክ መደወል ፈርቼ ጸሎቱን ከፍርሃቴ መደበቂያ አደረግኩት። መጽሐፈ ምሳሌ "አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ" ሲል የሚናገረው በበጋ መብሏን ስለምትሰበስብ ፍጥረት ነው። ጸልያችሁ ስትጨርሱ "ጌታ ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ የእኔ እጅ ያለበት ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ብዙ ጊዜ ታውቁታላችሁ።

6. የሚያቋርጣችሁን ለዩ

በእኛ ኑሮ ውስጥ ቀን አይቋረጥም ማለት ዘበት ነው። ለቅሶ አለ፣ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ድንገት የመጣ ዘመድ አለ። እነዚህን እንደ ሰዓት ሌባ የሚቆጥር ምክር አንብቤ አውቃለሁ። አልስማማም። ጌታችን ወደ ኢያኢሮስ ቤት፣ ልትሞት ወደ ቀረበች ልጅ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ደም ለሚፈሳት ሴት ቆመ። አነጋገራት። "ልጄ ሆይ" አላት። የለቅሶ ሰዓት የጠፋ ሰዓት አይደለም።

ነገር ግን ሌላም ምሳሌ አለ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ "ናና እንነጋገር" ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። አራት ጊዜም ያንኑ መለሰ፤ ትልቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ መውረድ አልችልም። ቅጥሩን በ52 ቀን ጨረሰ።

ታዲያ ቆሜ ልሂድ ወይስ አልወርድም ልበል? እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የጠራኝ የተቸገረ ሰው ነው ወይስ የሰለቸው ሰው? ለተቸገረ እነሣለሁ። ለሰለቸው "ከ11 ሰዓት በኋላ ልደውልልህ" እላለሁ፤ ደግሞም እደውላለሁ። የስልክ መልእክት፣ ቲክቶክ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ወሬ፣ እነዚህ ራሳቸውን ችለው የሚጠሩ ናቸው፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው የለም። እነሱን 6 ሰዓት እና 11 ሰዓት ላይ ብቻ ክፈቱ።

በቀኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ባዶ ተዉ። ምንም አትጻፉበት። እኔ ከ9 እስከ 10 ያለውን ትቼዋለሁ። ለቅሶ ከመጣ እዚያ ይገባል፤ ካልመጣ የጎደለውን እሞላበታለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ያለውን ጊዜ ግን ሥራ አታድርጉት። ቆማችሁ "ኪርያላይሶን" በሉ፤ 41 ስትጨርሱ ሰልፉ ትንሽ ተጠግቶ ይሆናል።

7. ጭንቀቱ በሥራ መካከል ሲመለስ

ይመለሳል። አንዴ ጻፍኩት ብላችሁ የሚጠፋ አይምሰላችሁ። ሲመለስ አትታገሉት፣ አትወቅሱትም። በእስክሪብቶ ወረቀት ዳር ላይ በአንድ ቃል ጻፉት። ከዚያ "የትኛው ዓምድ ነው?" በሉ። የዛሬ ከሆነና ከአምስት ደቂቃ በታች የሚያልቅ ከሆነ አሁኑኑ ጨርሱት። ቀን ያለው ከሆነ ቀኑን እዩና ተመለሱ። የእርሱ ከሆነ ስለ አንድ ነገር አመስግኑ።

ምስጋናው ለምን? ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች "በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ" ብሏል። ይህን የጻፈው በእስራት ላይ ሆኖ ነው። ጭንቀት ሁልጊዜ ያልመጣ ነገር ያሳየናል። ምስጋና ደግሞ የመጣውን ያሳየናል። የተለየ ነገር አትፈልጉ። "ዛሬ ጠዋት እማዬ ስልክ አንሥታለች፤ ተመስገን።" በቃ።

8. ማታ ዝጉት

ሱቅ እንደሚዘጋ ቀንም ይዘጋል። ከመተኛታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደብተሩን ክፈቱ። የሠራችሁትን ምልክት አድርጉ። ያልሠራችሁትን ወደ ነገ አዛውሩ ወይም ሰርዙ። ሦስት ጊዜ የተዛወረ ሥራ ካለ ቁሙና ምክንያቱን ጠይቁ። ወይ አያስፈልግም፣ ወይ ትፈሩታላችሁ፣ ወይ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ሰዓት ያባከናችሁበትን በግልጽ ተናዘዙ፤ ለንስሐ አባታችሁም ስትሄዱ ንገሩ። ሰው ስለ ሐሜትና ስለ ቁጣ ይናዘዛል፤ ስለ ባከነ ቀን የሚናዘዝ ግን ጥቂት ነው። መክሊቱን ቀብሮ የተቀጣው ባሪያ እኮ አልሰረቀም። ፈርቶ ቀበረው እንጂ።

ከዚያ ተኙ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ትጋት ይመስላል። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ልሙት" ባለ ጊዜ እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ተግሣጽ አላመጣም። እንጎቻና ውኃ አመጣ። ኤልያስ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ተነሥቶ በላ። ትልቁ ነቢይ ከምክር በፊት እንቅልፍና ምግብ አስፈልጎታል።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደ እኔ ከነቃችሁ፣ መብራት አብርታችሁ አትሥሩ፤ ስልክም አታንሡ። መጽሐፉ ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት በወኅኒ ይዘምሩ እንደነበር ይነግረናል። አንድ መዝሙረ ዳዊት በልባችሁ በሉ። እንቅልፍ ከመጣ እሰየው። ካልመጣም ሌሊቱ በጸሎት አለፈ።

9. ሳምንቱና ዓመቱ

እሑድ ዓምዶቹን አትክፈቱ። ቅዳሴ፣ ቤተሰብ፣ ዘመድ ጥየቃ፣ የታመመ መጠየቅ። ለሰኞ የሚያስፈልገውን ቅዳሜ ጨርሱ፤ እጥፍ የተሰበሰበው መና ይህ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የምሳ ሰዓታችሁ ባዶ ነው። ብዙዎቻችን እሱንም በሥራ እንሞላዋለን። አትሙሉት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሥራ ቀን መካከል፣ ለንባብ የተሰጠ አንድ ሰዓት ከየት ይገኛል?

እዚህ ላይ ግን ላቁምና ሌላ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለተለመደው ጭንቀት ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ልብ ምታችሁ ያለ ምክንያት የሚሮጥ ከሆነ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ደብተር አይበቃም። ሐኪም ጋ ሂዱ። መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። በመጽሐፋችን ውስጥ ያለው ሲራክም 38ኛው ምዕራፍ ላይ ሐኪሙን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጠበል የሚሄድ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ መድኃኒት የሚወስድም ጠበሉን አይተው። "እምነትህ ቢጸና አትታመምም ነበር" የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

በመጨረሻ፣ ጳጉሜን። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ከአሥራ ሁለቱ ወር የተረፈች ትንሽ ወር ናት፤ ደብተሩን ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። አንድ ማታ ተቀመጡና የዓመቱን ሦስተኛ ዓምድ ከመስከረም ጀምራችሁ አንብቡ። የተጻፈውን ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ።

እኔ ባለፈው ጳጉሜን አነበብኩት። አብዛኞቹ ጭራሽ አልደረሱም። አንዳንዶቹ ደርሰዋል፤ በደረሱ ጊዜ ግን የሚረዳኝ ሰው አጠገቤ ነበር። ኅዳር ላይ "እማዬ" የሚል መስመር አለ፤ ታኅሣሥ ላይም፣ ጥር ላይም። የካቲት ላይ አረፈች። ከዚያች ገጽ በፊት ያሉትን የመጀመሪያ ዓምዶች አየኋቸው። "ለእማዬ መደወል።" ምልክት አለው። "እማዬን ሐኪም ቤት።" ምልክት አለው። "እሑድ እማዬ ጋ ቡና።" ምልክት አለው።